ወደ አዋሽ ሸለቆ ከመውረድ በፊት፦ ስለ አሮጌ መኪና አሞርዛተር

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንነጋገረው ከመኪና ሥር ተሰውሮ ዘወትር ስለሚያገለግል፣ ባለመኪናው ግን ፈጽሞ እስኪበላሽ ድረስ ስለማያስታውሰው አንድ ዕቃ፣ ስለ አሞርዛተር ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማና በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ የሚወርድ፣ ከዚያም ገዋኔን፣ አዳይቱንና ሚሌን አልፎ ሎግያና ሰመራ የሚገባ መንገደኛ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ካለው ደጋ ለቅቆ፣ 590 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ከፍታው 430 ሜትር ገደማ ወደ ሆነ ሐሩር ቈላ ይደርሳል። ለዚህ ጉዞ የሚሰናዳ ሰው የራዲያተሩን ውሃ ይሞላል፣ የሞተሩን ዘይት ይለካል፣ የጎማውን ነፋስ ያስተካክላል፤ ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን ስለ አሞርዛተሩ ቢጠየቅ፣ «መኪናዋ ትንሽ ትዘላለች እንጂ ሌላ ችግር የለባትም» ብሎ መመለሱ የተለመደ ነው። እኛ ዛሬ ለማስረዳት የምንሻው፣ ያች «ትንሽ ዝላይ» የተቀማጩን ምቾት ብቻ የምትነካ ሳትሆን፣ የፍሬኑን ሥልጣንና የመሪውን ታዛዥነት የምትነጥቅ መሆንዋን ነው። መኪና የሚቆመው ጎማው መሬት ሲነካ ነውና፤ በአየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬን ቢይዘውም መሬትን አይዝም፣ መሪ ቢያዞረውም መንገድን አይታዘዝም።

ትምህርታችን የስፖርት መኪና ላለውም የሚጠቅም ነው። በአገራችን የስፖርት መኪና የሚባለው፣ ሁለት በር ያለውና ዝቅ ብሎ የተሠራው ዐይነት፣ ጥቂት ነው። ነገር ግን የዚያ ዐይነት መኪና የቅርብ ዘመድ በየመንደራችን ሞልቶ ይገኛል፤ እርሱም አሮጌው ቮልስዋገን፣ ሕዝቡ አቈላምጦ «ቮልስ» የሚለው ነው። ፖርሽ የተባለው ስመ ጥር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በተባለች ስፍራ 356 የተሰኘውን የመጀመሪያውን የስፖርት መኪናውን ሲሠራ፣ የፊት ሰስፔንሽኑን፣ ማለት ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን ክፍል፣ የወሰደው ከዚሁ ከቮልስ ነበር። ስለዚህ የቮልስን አሞርዛተር ለመለወጥ የተማረ ሰው፣ የዚያን ዘመን የስፖርት መኪና ለማገልገልም እጁ የተሰናዳ ነው። ቮልስ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ሜክሲኮ ውስጥ ሲሠራ ቈይቶ፣ ቍጥሩ ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ስለ ተቋረጠ፣ መለዋወጫው እስከ ዛሬ አልጠፋም። በሌላ በኩል፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ስለ ጫነ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚነዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና በሥርዐት ጠብቆ ማቈየት የወዳጅነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል።

አሁን የአሞርዛተርን ሥራ እንመርምር። የመኪናን ክብደት የሚሸከመው አሞርዛተር አይደለም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው፣ በቮልስ ላይ ደግሞ በመስቀለኛ ቱቦ ውስጥ ሆኖ የሚጠመዘዘው ብረት ነው። የሞላ ባሕርይ ግን የተቀበለውን ኀይል መልሶ መስጠት ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ጉድጓድ ያስጨነቀው ሞላ፣ ብቻውን ቢተው፣ መኪናውን ደጋግሞ ያነሣዋል፣ ደጋግሞም ይጥለዋል። አሞርዛተር ይህን ትርፍ ኀይል ወስዶ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በቱቦው ውስጥ ዘይት አለ፤ በዘይቱ ውስጥ በጠባብ ቀዳዳዎችና በቫልቮች የተበሳ ፒስተን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ዘይቱም በጠባቡ ቀዳዳ ተጨንቆ ሲያልፍ ይሞቃል፣ ሙቀቱም በቱቦው ገላ በኩል ወደ አየር ይሄዳል። እንቅስቃሴው በፈጠነ መጠን ተቃውሞው ይጨምራል። በመኪና ታሪክ መባቻ ላይ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው እርስ በርሱ የሚፋተግ ሰሌዳ ነበር፤ የዘይቱ ጥበብ የመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ደ ካርቦን የተባለው የፈረንሳይ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት በከፍተኛ ግፊት የታጨቀ ጋዝ ከዘይቱ በስተጀርባ በማድረግ የዛሬውን ባለ ጋዝ አሞርዛተር መሠረት ጣለ።

ጋዙ ለምን አስፈለገ? አሮጌው ዐይነት አሞርዛተር ዘይትና አየር በአንድ ቱቦ ውስጥ አብረው የሚያድሩበት ስለ ሆነ፣ በሸካራ መንገድ ላይ ለረዥም ጊዜ ሲንገላታ፣ ዘይቱ በአፋር ቤት እንደሚናጥ ወተት አረፋ ያነሣል፤ አረፋ ደግሞ በቀላሉ የሚጨመቅ ስለ ሆነ ፒስተኑን የሚቃወም ኀይል ይጠፋል። በዚህ ላይ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይት በቀዳዳው ያለ ብዙ ጭንቀት ያልፋል። ይህን ከአዋሽ ሸለቆ ጋር አገናዝባችሁ ተመልከቱት። በሰኔና በሐምሌ በሰመራ ያለው የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የታወቀ ሲሆን፣ አስፋልቱ ከአየሩ ይልቅ የጋለ ስለ ሆነ፣ ከመኪናው ሥር ያለው አሞርዛተር ሙቀቱን የሚያራግፍበት ቀዝቃዛ አየር አያገኝም። በአዲስ አበባ ብርድ «ገና ይሠራል» የተባለው ያረጀ አሞርዛተር ገዋኔ ሳይደርስ የሚሰንፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የመንገዱንም ጠባይ አንርሳ። አውራ ጎዳናው ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የአሰብ ወደብ ከተዘጋብን ወዲህ፣ የአገሪቱን የገቢና የወጪ ዕቃ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች ሌት ተቀን የሚረግጡት ስለ ሆነ፣ በጋለበት ሰዓት አስፋልቱ በጎማቸው ዱካ እየተጫነ ቦይ ይሠራል። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በፈንታሌ ተራራ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥም ምድሪቱን ሰንጥቆ በመንገድ ላይ ጉዳት አድርሷል። ከአስፋልቱ ወጥቶ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወዳለው ፍልውሃ በጠጠር መንገድ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና ያገኘዋል፤ እርሱም መኪኖች በመመላለሳቸው ብዛት እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበው ጠጠር ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ ሽብሽቡ በየአንድ ሜትሩ ቢሆን እንኳ እያንዳንዱ ጎማ በሰከንድ 17 ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት ጉዞ 60,000 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ምት ተቀብሎ ጎማውን ወደ መሬት የሚመልሰው አሞርዛተሩ ነው። በዚህ መካከል ከግራር ሥር የተነሣ የግመል መንጋ በድንገት መንገዱን ቢያቋርጥ፣ አሽከርካሪው ፍሬን ሲረግጥ የሚያድነው ጎማው መሬት ላይ መሆኑ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ነው አሞርዛተርን ከፍሬን ለይተን እንዳናየው አጥብቀን የምንለምነው።

ማርጀቱ በምን ይታወቃል? ብዙዎች የመኪናውን ጥግ በእጃቸው ተጭነው ሲለቁት ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ያያሉ፤ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ቢረጋ ደኅና ነው፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢመላለስ ሞቷል ይላሉ። ይህ ፈተና የሞተውን ይገልጣል፣ የታመመውን ግን ይሰውራል፤ የእጅ ግፊት ዝግተኛ ሲሆን የመንገድ ምት ግን ፈጣን ነውና። ከዚህ የተሻለው ምስክር ጎማው ራሱ ነው። መዳፋችሁን በጎማው ፊት ዙሪያውን ብታሳልፉት፣ በአንዱ ስፍራ ጐድጐድ፣ በሌላው ከፍ እያለ እንደ ጥርስ የተበላ ከሆነ፣ ያ ጎማ መሬቱን እየለቀቀ ይመለስ እንደ ነበረ ትረዳላችሁ። ፍሬን ሲረገጥ አፍንጫው ወደ መሬት የሚደፋ፣ ከጐኑ ከባድ መኪና ሲያልፍ ነፋሱ የሚያንገዋልለው መኪናም በዚሁ ይጠረጠራል። ከሥሩ ገብታችሁ ብታዩ፣ በአሞርዛተሩ ገላ ላይ ስስ የዘይት ላብ መኖሩ ብዙ አያስደነግጥም፤ ዘይቱ ወርዶ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ጥቍር ጭቃ ከሠራ ግን፣ ዘይቱን የሚጠብቀው ጎማ ተበልቶ ውስጡ ባዶ እየሆነ ነው።

ስለ ምርጫው ጥቂት እንቈይ፤ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። አሞርዛተር የሚለወጠው ሁልጊዜ በጥንድ ነው፤ የግራው ቢሞት የቀኙም አብሮ ይለወጣል፣ አለዚያ አንዱ ጐን ጠንክሮ ሌላው ሰንፎ መኪናው በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ከአሮጌ መኪና ላይ የተፈታ አሞርዛተር በርካሽ ስለ ተገኘ መግዛት የሌላውን ሰው ድካም መግዛት ነው፤ ሞተር ቢሆን ታድሶ ያገለግላል፣ ያልቃል ተብሎ የተሠራ ዕቃ ግን መገዛት ያለበት አዲሱ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም በሌላ ስፍራ ስትገዙ የመኪናውን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ይዛችሁ ሂዱ፤ ቮልስ ብቻ እንኳ የፊት ሰስፔንሽኑ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ስለ ተለወጠ፣ የቀድሞው አሞርዛተር በላይም በታችም ቀለበት ሲኖረው የኋለኛው በላይ በኩል በዳዶ የሚታሰር ዘንግ አለው።

ስለ ጥንካሬው ደግሞ፣ የስፖርት መኪና ባለቤት ጠንካራ አሞርዛተር ሁሉ የተሻለ ይመስለዋል፤ በተስተካከለ የውድድር ሜዳ ላይ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። በሸካራ መንገድ ላይ ግን ከልክ ያለፈ ጥንካሬ ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ እንዳይወርድ ያግደዋል፤ እንዲህ ያለው መኪና ሽብሽቡን በጫፍ በጫፉ እየነካ ይበርራል እንጂ መሬቱን አይረግጥም። በጎረቤታችን በኬንያ የሚካሄደው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ለዚህ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። ፔዦ 404፣ ለስላሳ ሰስፔንሽን ያለው የቤተ ሰብ መኪና፣ እ.ኤ.አ. በ1963 እንደዚሁም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ አሸነፈ፤ ዳትሰን 240ዜድ የተባለው ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪናም በ1971 እና በ1973 ድል ያደረገው በዚያው በአቧራና በጭቃ መንገድ ላይ ነው። እኔ እንደማምነው፣ ለአዋሽና ለሰመራ መንገድ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ የተሠራ፣ ቢቻል ባለ ጋዝ የሆነ አሞርዛተር ከማናቸውም «ስፖርት» ተብሎ ከተሸጠ ደረቅ ዕቃ ይበልጣል።

ወደ ሥራው እንግባ። በዋዜማው ማታ የአሞርዛተሩን ብሎኖች በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጧቸው፤ በብዙ ጋራዥ ናፍጣ ይቀቡታል፣ ጊዜ ከተሰጠው እርሱም ይረዳል። ዝገት በኀይል ሳይሆን በትዕግሥት የሚፈታ ነው፤ በጉልበት የተሰበረ የቮልስ ብሎን የአንድ ሰዓትን ሥራ የሁለት ቀን ያደርገዋል። ሥራውን በጧት ጀምሩ፤ በቈላ ከረፋዱ በኋላ ፀሐይ የመታው ብረት እጅ ያቃጥላል። መኪናው በደልዳላ መሬት ይቁም፤ ማርሽ ይግባ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ በማይነሡት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግ። የጎማውን ብሎኖች መኪናው መሬት ላይ ሳለ ጥቂት አላሉ። በክሪኩ ሥር ሰፊ ጣውላ ማድረግን አትርሱ፤ በአዋሽም ሆነ በሰመራ የጋለ አስፋልትና አሸዋ ከክሪክ ሥር እየሸሸ መኪና ይጥላልና። ካነሣችሁ በኋላ በጠንካራው የመኪናው አጥንት ሥር ካቫሌቶ፣ ማለት የብረት መደገፊያ፣ አቁሙ እንጂ በክሪክ ብቻ ወደ ተንጠለጠለ መኪና ሥር ማንም አይግባ። በአሮጌ ቮልስ ላይ በተለይ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ ባትሪው ባለበት በኩል፣ ወለሉ በዝገት የተበላ ሊሆን ስለሚችል፣ ያን ስፍራ መደገፊያ አታድርጉት።

ጎማው ከወለቀ በኋላ፣ የአሞርዛተሩን ብሎን ሳትነኩ በፊት ሁለተኛ ክሪክ በብራቾው፣ ማለት ጎማውን በሚይዘው ክንድ፣ ወይም በኋለኛው አክስል ሥር አቅርባችሁ ጥቂት ደግፉት። በብዙ መኪኖች ላይ ጎማው ወደ ታች እንዳይወድቅ የሚይዘው ራሱ አሞርዛተሩ ስለ ሆነ፣ ይህ ካልተደረገ የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ ብራቾው በድንገት ይወድቃል፣ የፍሬኑም የጎማ ቱቦ ይወጠራል። ከዚያ መጀመሪያ የታችኛውን ዳዶ፣ ቀጥሎ የላይኛውን ፍቱ። የላይኛው ዘንግ ከዳዶው ጋር አብሮ የሚዞር ከሆነ፣ ጫፉ ላይ የተሠራለትን መያዣ በቁልፍ ያዙ፤ የሚያብለጨልጨውን የፒስተን ዘንግ በፒንሳ ነክሶ መያዝ ግን ነውር ነው፤ በላዩ ላይ የምትቀር አንዲት ጭረት ስትወጣና ስትወርድ የዘይት መጠበቂያውን ጎማ ትቈርጠዋለች፣ አዲሱም አሞርዛተር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያልባል። ቀለበቱ በምሰሶው ላይ ዝጎ እምቢ ሲል፣ ጫፉን በመዶሻ ከመቀጥቀጥ ይልቅ ከጐን ወደ ጐን እያወዛወዙ በዘይት ማግባባት ይሻላል።

አሮጌው ሲወጣ አትጣሉት፤ አቁማችሁ ዘንጉን በመዳፋችሁ ወደ ታች ግፉት። ጥቂት ያለ አንዳች ተቃውሞ ከሰመጠ በኋላ በድንገት ከያዘ፣ ወይም ሲወጣና ሲወርድ የሚንቋቋ ድምፅ ከሰጠ፣ በውስጡ ዘይት ጐድሎ አየር ገብቷል። አዲሱን አጠገቡ አቁማችሁ ብትገፉት በመላው መንገዱ ላይ እኩልና የተረጋጋ ተቃውሞ ይሰጣችኋል፤ በአብዛኛውም ሲሳብ ያለው ተቃውሞ ሲገፋ ካለው ይበልጣል። በዚህ ጊዜ የሚቀር አንድ ሥራ አለ፤ አዲስ አሞርዛተር በመደብር ተጋድሞ ስለሚቈይ፣ ጋዝ የሌለው ዐይነት አየሩ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ከመግባቱ በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና እኩል እስኪሆን ድረስ ደጋግማችሁ ዘርጉት፣ እጠፉት።

ሲታሰር አዲስ ጎሚኒ፣ ማለት በቀለበቱ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ፣ አዲስ ሮንዴላም ተጠቀሙ፤ አሮጌው ጎሚኒ በሙቀት ደርቆ የተሰነጠቀ ከሆነ አዲሱ አሞርዛተር ይንኳኳል፣ ባለቤቱም «ተታለልሁ» ብሎ ሻጩን ይወቅሳል። ብሎኖቹን መጀመሪያ በልኩ አስገቡ እንጂ እስከ መጨረሻው አታጥብቁ። የመጨረሻው ማጥበቅ የሚፈጸመው መኪናው በጎማው ላይ ወርዶ በተፈጥሮ ከፍታው ሲቆም ነው፤ ብራቾው ተንጠልጥሎ ሳለ የተጠበቀ ጎሚኒ፣ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀርና ሳይሰነብት ይቀደዳል። የማጥበቂያውን ልክ የመኪናው መጽሐፍ ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ በብርቱ እንናገራለን። አሞርዛተሩ በሞላው ውስጥ ተሰክቶ አንድ አካል የሆነበት መኪና፣ በተለይም ማክፈርሰን የተባለው ዐይነት፣ በዚህ መንገድ አይፈታም። ሞላው ብርቱ ኀይል አምቆ ስለ ተቀመጠ፣ በተገቢው የሞላ ማጨመቂያ ሳይያዝ የላይኛው ዳዶ ከተፈታ፣ የሚወረወረው ብረት ሰው ይገድላል። መሣሪያው በሌለበት ደጃፍ ላይ በሽቦና በገመድ አስሮ የሚሞክር መካኒክ ቢያጋጥማችሁ፣ ሥራውን አስቁሙት። ባለ ጋዙንም አሮጌ አሞርዛተር መቈራረጥ፣ መበየድ ወይም እሳት ውስጥ መጣል ክልክል ነው፤ በውስጡ የታፈነው ጋዝ ይፈነዳል። ከተፈታው ዕቃ የሚፈስሰውን ዘይት በዕቃ ተቀብላችሁ ለጋራዥ ስጡ፤ የአዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ ስለ ሆነ፣ በላዩ የፈሰሰው ሁሉ የሚቀረው ከሚጠጡት ከብቶችና ከሚያለሙት ሰዎች ጋር ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ በዝግታ ነድታችሁ መኪናው በፍሬን ቀጥ ብሎ መቆሙን መርምሩ፤ የመሪውን አላይመንት ማስለካትም ይገባል፤ ጥርስ ያወጣው አሮጌ ጎማ በአዲሱ አሞርዛተር ላይ ሆኖም መጮኹን ስለማይተው፣ ቢቻል ይለወጥ። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ አዋሽ ሰባት ኪሎ ስትደርሱ፣ ሻይ ከመጠጣታችሁ በፊት ከሥሩ ተመልከቱ፤ ጎሚኒው በጉዞው ስለሚረጋ የአራቱንም ዳዶ በቁልፍ ሞክሩት። እጃችሁንም በጥንቃቄ ወደየአሞርዛተሩ አስጠጉት፤ የሠራ አሞርዛተር ይሞቃልና የግራውና የቀኙ ሙቀት ሊመሳሰል ይገባል። አንዱ ከጓደኛው ይልቅ ቀዝቃዛ ሆኖ ከተገኘ ያ ሥራውን አልሠራም፤ መካኒክ በቅርብ ባለበት በአዋሽ እያላችሁ አስመርምሩት እንጂ ወደ ገዋኔ አትለፉ።